የትንሽ ደግነት ቀመር፦ ከጎረቤት እስከማናውቀው ሰው

መንገደኛ ሲደናቀፍ በአጠገቡ የሚያልፈው ሰው «እኔን!» ይላል። የተደናቀፈውን አያውቀውም፤ ምናልባትም ዳግመኛ አያገኘውም። እንግዳ ወደ ቤት ሲዘልቅ የተቀመጡት ብድግ ብለው «ኖር» ይላሉ፤ እንግዳውም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣቸዋል። በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር የተላከ ሒሳብ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ከረዳቱ ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። እነዚህ ድርጊቶች እጅግ ከመለመዳቸው የተነሣ ማንም ልብ አይላቸውም። ለሳይንስ ግን የተፈታተኑ ጥያቄዎች ናቸው። ሰው ለማይዛመደው ሰው ጊዜውንና ጉልበቱን ለምን ይሰጣል?

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ሥነ ሕይወትና ሥነ ልቡና ለዚህ ጥያቄ የሰጧቸውን መልሶች በአጭሩ እንቃኛለን። መመልከቻችን በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነው። ክፍለ ከተማው ነዋሪዎቻቸው ለረጅም ዘመን የተዋወቁባቸውን ነባር ሰፈሮችና በዕጣ የተገናኙ ሰዎች የሚኖሩባቸውን የጋራ መኖሪያ መንደሮች ጎን ለጎን የያዘ በመሆኑ፣ ጉርብትና እንዴት እንደሚፈርስና እንዴት እንደሚገነባ ለመመርመር የተመቸ ነው።

ከዳርዊን የተረፈ እንቆቅልሽ

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 የተፈጥሮ ምርጫን ጽንሰ ሐሳብ በመጽሐፍ ሲያቀርብ አንድ ከባድ ችግር ገጥሞት ነበር። ሠራተኛ ጉንዳኖችና ንቦች የራሳቸውን ልጅ ሳይወልዱ ለሌላው ሲለፉ ይኖራሉ። ራሱን ለሌላው የሚያደክም ፍጡር ዘሩን ሳይተካ የሚያልፍ ከሆነ፣ ይህ ጠባይ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት ሊተላለፍ ቻለ?

ብሪታንያዊው ዊልያም ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1964 ለጥያቄው የቀመር መልስ ሰጠ። የተቀባዩን ጥቅም «ጥ»፣ የሰጪውን ወጪ «ወ»፣ በመካከላቸው ያለውን የዝምድና መጠን ደግሞ «ዝ» ብንል፣ በጎ ሥራ የሚጸናው ዝ × ጥ > ወ ሲሆን ነው። ለእናትና አባት ልጆች «ዝ» ግማሽ ነው፤ ለአጎት ልጅ አንድ ስምንተኛ ነው። እናት ለልጇ፣ ወንድም ለወንድሙ መልፋቱ በዚህ ይገለጻል። ጎረቤት ግን የሥጋ ዘመድ አይደለም። አባቶች «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ሲሉ የሃሚልተን ቀመር ዝም ይላል።

ክፍተቱን የሞላው አሜሪካዊው ሮበርት ትሪቨርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የማይዛመዱ ፍጥረታትም ቢሆኑ ደጋግመው የሚገናኙ ከሆነ መረዳዳት ለሁለቱም እንደሚበጅ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1984 ጄራልድ ዊልኪንሰን በኮስታ ሪካ ደም መጣጭ የሌሊት ወፎችን አጥንቶ ለሐሳቡ ማስረጃ አቀረበ። እነዚህ የሌሊት ወፎች ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ምግብ ካላገኙ ይሞታሉ። ጠግባ የመጣችው የሌሊት ወፍ ግን ከሆዷ ደም መልሳ ባዶዋን ለገባችው ታካፍላለች፤ የምታካፍለውም በአንድ ማደሪያ አብራት ለምትውል ነው።

ማርቲን ኖዋክ እ.ኤ.አ. በ2006 እነዚህን ሐሳቦች በቀላል አኃዛዊ ሕጎች አጠቃለላቸው። ሁለት ሰዎች ዳግመኛ የመገናኘት ዕድላቸውን «ዕ» ብንል፣ መረዳዳት የሚጸናው ዕ > ወ ÷ ጥ ሲሆን ነው። ለምሳሌ የጎረቤትን የጤፍ ከረጢት ወደ አራተኛ ፎቅ ማውጣት ሰጪውን አንድ አሐድ ድካም አስወጥቶ ተቀባዩን አምስት አሐድ ቢጠቅመው፣ ዳግመኛ የመገናኘታቸው ዕድል ከአምስት አንድ መብለጥ አለበት። ሌላም መንገድ አለ። የረዳሁት ሰው ባይመልስልኝ እንኳ ያየ ወይም የሰማ ሌላ ሰው ሊረዳኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ «ዕ» በ«ታ» ይተካል፤ «ታ» የአንድን ሰው ጠባይ ሌሎች የማወቃቸው ዕድል ነው።

ቀመሩ ሰው ከመርዳቱ በፊት ቁጭ ብሎ ያሰላል አይልም። የሚነግረን በጎ ልማድ በየትኛው ሁኔታ ሥር ሰዶ እንደሚቆይ፣ በየትኛውስ እንደሚደርቅ ነው። ደግነት የግለሰቡ ባሕርይ ብቻ ሳይሆን የሁኔታም ፍሬ መሆኑን የምንገነዘበውም ከዚህ ነው።

ዕድርና ቡና በሒሳብ ዐይን

በዚህ ዐይን ሲታይ ዕድር «ዕ»ን ከፍ አድርጎ የሚያቆይ ተቋም ነው። አባላት በየወሩ ይዋጣሉ፤ ሞት ሲደርስ ጥሩንባ ነፊው ያስታውቃል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበርና ድስት ከግምጃ ቤት ይወጣል። ከቀብር የቀረ ይቀጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 ስቴፋን ደርኮን፣ አሉላ ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያና በታንዛኒያ የቀብር ማኅበራት ላይ ያሳተሙት ጥናት፣ ማኅበራቱ የተጻፈ ደንብ፣ የታወቀ የአባላት ዝርዝር፣ የተወሰነ መዋጮና ቅጣት ያላቸው መሆኑን አሳይቷል።

በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ኤሊኖር ኦስትሮም፣ ሕዝብ በጋራ የሚያስተዳድራቸው ሀብቶች ጸንተው የሚቆዩት የአባልነት ወሰን ሲታወቅ፣ ደንቡን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ሲያወጡና ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ ደረጃ ሲሆን እንደሆነ አስተምረዋል። የዕድር መሥራቾች የኦስትሮምን መጽሐፍ ሳይጠብቁ ይህንኑ ሠርተውት ነበር። ቅጣቱ የደግነት ጠላት አይደለም፤ ሸክሙን ብቻዬን አልሸከምም የሚል ዋስትና ለእያንዳንዱ ይሰጣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል «ወ» ሲከፋፈል ምን እንደሚሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል።

የጎረቤት ቡና ደግሞ «ታ»ን ያሳድጋል። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ሥራ እንዳጣ፣ ማን ከሆስፒታል እንደወጣ ይታወቃል። ችግሩ ያልታወቀ ሰው አይረዳም፤ በጎነቱ ያልታወቀ ሰውም አርአያ አይሆንም። ቡና ጠጪዎቹ ሳያስቡት የሰፈሩን የመረጃ መረብ ይዘረጋሉ።

ዕጣ ያገናኛቸው ጎረቤቶች

አሁን ወደ ጀሞ፣ ወደ ለቡ፣ ወደ ጎፋና ወደ መካኒሳ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች እንሻገር። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ በከተማዋ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን የቤት ባለቤት አድርጓል። የሚኖሩበትን ቤት የለየላቸው ዕጣ ስለሆነ፣ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ከዚያ ቀን በፊት ተያይተው አያውቁም። ብዙ ቤቶች ይከራያሉ፤ ተከራይም ይለዋወጣል። በቀመራችን ቋንቋ «ዕ» እና «ታ» በአንድ ጊዜ ወርደዋል ማለት ነው። በአንጻሩ «ጥ» ከፍ ብሏል። አብዛኞቹ ሕንፃዎች አሳንሰር የላቸውም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሳምንት ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ለአረጋዊትና ለነፍሰ ጡር ከባድ ፈተና ነው።

መርሐ ግብሩን የነደፉት ባለሙያዎች ይህን ጨርሰው አልዘነጉትም። በመንደሮቹ ውስጥ ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆኑ፣ በተለምዶ «ኮሚናል» የሚባሉ የጋራ መገልገያ ሕንፃዎች ተሠርተዋል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995ም ነዋሪዎች ማኅበር መሥርተው የጋራ ንብረታቸውን እንዲያስተዳድሩ መንገድ ከፍቷል። ሆኖም ሕግ ደረጃን ያስጠርግ እንደሆነ እንጂ ሰላምታን አያስገድድም። የቀረውን የሚሠሩት ነዋሪዎች ናቸው።

ጉዳዩ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ብቻ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ተዛውረዋል። ቤት በቤት ይተካል፤ ለአሥርት ዓመታት የተገነባ መተዋወቅ ግን በጭነት መኪና አይጫንም።

የቸኮለ ሰውና የብዙ ሰው መካከል

የደግነት ወጪ በብር ብቻ አይለካም። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን በፕሪንስተን 40 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ፈትነው ነበር። ተማሪዎቹ ንግግር ለማድረግ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲሄዱ በመንገዳቸው ላይ እያሳለ የሚያቃስት ሰው ተቀምጧል። ሰፊ ጊዜ ከነበራቸው 63 በመቶ፣ በመጠኑ ከቸኮሉት 45 በመቶ፣ እጅግ ከቸኮሉት ግን 10 በመቶ ብቻ ረዱ። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ሊናገሩ የሚሄዱት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር! ስለ ደግነት ማሰባቸው ሳይሆን የያዙት ጊዜ ወሰነ። ጠዋት ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ ታክሲ ለመያዝ ተሰልፎ የፈተና ሰዓቱ የሚያልፍበት ተማሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የሰው ብዛትም ሚና አለው። እ.ኤ.አ. በ1968 ዳርሊና ቢብ ላታኔ ባደረጉት ሙከራ፣ በድምፅ ማገናኛ የሌላውን ሰው በድንገት መታመም የሰሙ ተሳታፊዎች ብቻቸውን እንደሆኑ ሲያምኑ 85 በመቶ ፈጥነው እርዳታ ጠሩ፤ ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብለው ሲያምኑ ግን 31 በመቶ ብቻ ጠሩ። ኃላፊነት ለሁሉም ሲሆን የማንም ሳይሆን ይቀራል። ይሁን እንጂ ተስፋ የሚያስቆርጥ ድምዳሜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በአምስተርዳም፣ በላንካስተርና በኬፕ ታውን የጸጥታ ካሜራዎች የቀረጿቸውን 219 የአደባባይ ጠቦች መርምሮ፣ ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ተመልካች ለመገላገል እንደገባ አሳይቷል። የሰው ብዛት የሚያሰንፈው ነገሩ ድብስብስ ያለ፣ ተራውም ያልታወቀ ሲሆን ነው። ስለዚህ በደረጃ ላይ የወደቀ ሰው ሲያጋጥም «እባካችሁ እርዱ» ከማለት «አንቺ ባለ ነጠላዋ እናቴ፣ እርስዎ ራሱን ይደግፉልን፤ አንተ ወንድሜ፣ አምቡላንስ ጥራ» ማለት ይሻላል።

የተሳሳተው ስሌት

በጎ ሥራ ከሚያስቀሩን ነገሮች አንዱ የራሳችን ግምት ነው። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ጥናት፣ ለማያውቁት ሰው ትኩስ መጠጥን የመሰለ ትንሽ ነገር የሰጡ ሰዎች ስጦታው ለተቀባዩ ያለውን ዋጋ አሳንሰው እንደሚገምቱ አረጋግጠዋል። ሰጪው የሚያየው የስጦታውን ዋጋ ነው፤ ተቀባዩን የሚነካው ግን መታሰቡ ነው። በሌላ አነጋገር «ጥ»ን ሁልጊዜ አሳንሰን እናሰላለን።

ስለ ሌሎች ሰዎችም ያለን ግምት ከእውነቱ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች በ40 አገሮች ከ17,000 በላይ የጠፉ የሚመስሉ ቦርሳዎችን በመሥሪያ ቤቶች ለሚያገለግሉ ሰዎች አስረከቡ። ገንዘብ ከሌለባቸው 40 በመቶ፣ ገንዘብ ካለባቸው ግን 51 በመቶ ያህሉ ተቀባዮች ባለቤቱን ፈለጉ። ብዙዎች የጠበቁት ተቃራኒውን ነበር።

ትንሽነቱ ነው ኃይሉ

እንግዲህ ቀመሩን መልሰን እንመልከተው። ዳግመኛ የመገናኘት ዕድል አነስተኛ በሆነበት ከተማ ትልቅ መሥዋዕትነት ከሁሉም ሰው አይጠበቅም። «ወ» እጅግ ትንሽ ሲሆን ግን አነስተኛው «ዕ» እንኳ ይበቃዋል። በር ይዞ መጠበቅ፣ ጀሪካን እስከ አንደኛው ፎቅ ማገዝ፣ አዲስ የገባን ተከራይ ስሙን ጠይቆ የራስን ስም መንገር ወጪያቸው የሴኮንዶች ነው። ሰላምታ የተለዋወጡ ሰዎች በማግሥቱ ሲገናኙ ባዳዎች አይደሉም፤ ስለዚህ ትንሹ ደግነት ለሚቀጥለው ደግነት የሚያስፈልገውን «ዕ» ራሱ ያሳድጋል።

ይህን በተግባር ያየንበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ በአዲስ አበባ ወጣቶች ውሃና ሳሙና ይዘው መንገደኛን እጅ አስታጠቡ፤ የቤት ኪራይ የማሩ አከራዮች ነበሩ፤ «ማዕድ ማጋራት» የሚለው ሐረግም ከሰው አፍ ገባ። ችግሩ የታየ፣ የሚደረገውም ነገር ግልጽና ቀላል ነበር። በየዓመቱ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚያድሱ ተማሪዎችም ይህንኑ ያውቁታል፤ አንድ ሰው የማይሞክረው ጣሪያ ለሃያ ወጣቶች የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

ለወጣት አንባቢዎቻችን የምንመክረው ከዚህ የተነሣ ነው። በምትኖሩበት ደረጃ ላይ ካሉት ቤቶች የስንቱን ነዋሪ ስም እንደምታውቁ ቁጠሩ። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋዊ ካሉ ውሃ በሚመጣበት ቀን ማን ጀሪካናቸውን እንደሚያወጣ በስም ተከፋፈሉ። የሕንፃው ማኅበር ስብሰባ ስለ ውሃ ፓምፕ ሲመክር ቡና እንዲፈላ ጠይቁ። ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም፤ ሦስቱም «ወ»ን ይቀንሳሉ፣ «ዕ»ን ወይም «ታ»ን ይጨምራሉ።

ማንም በማያይበት፣ ብድሩም በማይመለስበት ቦታ የሚደረግ ደግነት ደግሞ አለ። ያን ቀመራችን ሙሉ በሙሉ አይገልጸውም። የሚገልጸው አፈሩን ነው፤ ዘሩን የሚዘራው ሰው ነው።