የቡድን መሪው ቦርድ ፊት ሲቀርብ

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች የፕሮጀክት ቡድን መሪ ሆኖ የሚመደበው ብዙውን ጊዜ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ ነው። በየሩብ ዓመቱ ግን ይህ ሰው ያልተማረውን ሥራ እንዲሠራ ይታዘዛል። ገንዘቡን ከፈቀዱት የበላይ ኃላፊዎች ፊት ቀርቦ ፕሮጀክቱ የት እንደደረሰ ያስረዳል። ለዚህ ማን አዘጋጀው? አለቃው በዋዜማው ስላይዱን ያይለታል፣ የፊደል ግድፈት ያርምለታል፣ “አይዞህ” ይለዋል። በቃ።

ውጤቱ የታወቀ ነው። ሠላሳ ስላይድ፣ “ያጋጠሙ ችግሮችና የተወሰዱ መፍትሔዎች” የሚል የማይቀር ርዕስ፣ በመጨረሻም አንድ ቁጥር፦ 68 በመቶ።

ይህን ቁጥር እንመርምረው። አንድ ድርጅት ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ያስገነባል እንበል። ቁፋሮውና ኮንክሪቱ አልቋል፤ ሊፍቱ ግን ኤልሲ ስላልተከፈተ ገና አልታዘዘም። 68 በመቶ ያለው መሪ አልዋሸም። ሆኖም ሕንፃው መቼ አገልግሎት እንደሚጀምር የሚወስነው ያልታዘዘው ሊፍት ነው። በታላቁ የህዳሴ ግድብም ያየነው ይህንኑ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው ግንባታ ለዓመታት በመቶኛ ሲነገረን ቆይቶ ከ60 በመቶ በላይ መድረሱን ሰምተን ነበር። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ግን የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራው እጅግ በመጓተቱ ከሜቴክ መወሰዱን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነገሩን። የሲቪል ሥራው በእርግጥ ገፍቶ ነበር። የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት የጀመረው ግን በየካቲት 2014 ዓ.ም. ነው። ኮንክሪቱ ተርባይኑን ሸፍኖት ኖሯል።

ስለዚህ አለቃው ከስላይዱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቀው፦ “ከዚህ ስብሰባ ምን ውሳኔ ይዘህ መውጣት ትፈልጋለህ?” መልስ ከሌለው ገና ሪፖርት የለውም። “የሊፍቱ ቅድመ ክፍያ በዚህ ወር ካልተፈቀደ ርክክቡ በአራት ወር ይዘገያል፤ ክፍያውን እንድትፈቅዱ ወይም አዲሱን ቀን እንድትቀበሉ እጠይቃለሁ” የሚለው ቃል በመጀመሪያው ደቂቃ መነገር አለበት። የቦርድ አባላት ሌላ ስብሰባ የሚጠብቃቸው ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ሻይ ሳይቀርብ ይወጣሉ።

ልምምዱ ደግሞ በቃል ይሁን። አለቃው እንደ ሰብሳቢ ይቀመጥ፣ ያቋርጠው፣ “ባለፈው እንዲህ አላልክም ነበር?” ብሎ ያፋጠው። ፍርድ ቤት የቆመ ሰው እንደሚያውቀው ምስክር የሚሰናከለው በዋናው ጥያቄ ሳይሆን በመስቀለኛው ነው። ምስክር ያየውን ከሰማው ለይቶ እንዲናገር ይጠየቃል። የቡድን መሪውስ “ዕቃው ወደብ ደርሷል” ሲል ሰነዱን አይቶ ነው ወይስ አስመጪው በስልክ ነግሮት? ሳይጠየቅ ለይቶ መናገርን ይልመድ። “ይህን አላጣራሁም፤ ሐሙስ አሳውቃለሁ” ማለትንም እንዲሁ።

ከባዱ ግን ይሉኝታው ነው። በዕድሜም በሥልጣንም አባቱ በሚሆኑ ሰብሳቢ ፊት “ዘግይተናል” ማለት ድፍረት ይመስላል። “በመካሄድ ላይ ይገኛል” የምትባለው ሐረግ መሸሸጊያ የሆነችው ለዚህ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወኪል ስለ ሥራው ለወካዩ በማናቸውም ጊዜ ሂሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የቡድን መሪው በሕግ አነጋገር ወኪል ላይሆን ይችላል፤ በሌላ ሰው ገንዘብ እየሠራ ግን ነው። አክብሮቱን “እርስዎ” በማለት ይግለጽ፣ ቀኑን ግን አይደብቅ። ክፉ ወሬ ካለ ደግሞ ሰብሳቢው ከስብሰባው ሁለት ቀን ቀድመው ለብቻቸው ይስሙት፤ በሰው ፊት የተደናገጠ ኃላፊ ከውሳኔ ይልቅ ጥፋተኛ ይፈልጋልና።

ይህ ሁሉ ልፋት በዋዜማው በአንዲት ቃል ሊፈርስ ይችላል፦ “ይህችን መዘግየት የምትለዋን ለስለስ አድርጋት።” አለቃው ይህን ካለ ያሠለጠነው መደበቅን ነው። ከወራት በኋላ “ለምን ቀድመህ አልነገርከንም?” ሲባል ደግሞ ቃለ ጉባኤው ላይ የሚገኘው የልጁ ስም ብቻ ነው። በስብሰባው ላይም አጠገቡ ይቀመጥ እንጂ አይመልስለት። ስብሰባው እንዳለቀ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ጸሐፊው ዘንድ ይሂዱና ውሳኔው በትክክል መጻፉን ይዩ።