የድረ ገጽን የጽሑፍ ሳጥን በውጫዊ ኤዲተር ማረም፦ አሠራሩና ጥንቃቄው

የድኅረ ምረቃ ተማሪም ሆነ ተመራማሪ ዛሬ ብዙ ጽሑፍ የሚያቀርበው በድረ ገጽ በኩል ነው። የጥናት አጠቃሎ ለመጽሔት ሲላክ፣ ለገምጋሚ መልስ ሲሰጥ፣ የምርምር ድጋፍ ማመልከቻ ሲሞላ ጽሑፉ የሚገባው ገጹ ላይ በተከፈተ ባዶ ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ ግን ለመላኪያ እንጂ ለመጻፊያ የታሰበ አይደለም። በውስጡ የተተየበው የመላኪያው ቁልፍ እስኪጫን ድረስ በአብዛኛው የሚኖረው በብራውዘሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ብቻ ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ገጹ ሳይታሰብ ቢዘጋ ወይም ጸሐፊው እያሰበ ሲቆይ የመግቢያ ጊዜው ቢያልፍበት የሰዓታት ድካም ያለ ቅጂ ይቀራል። ረቂቁን በየጊዜው የሚያስቀምጡ ገጾች አሉ፤ የትኛው እንደሚያስቀምጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ጽሑፉ ከጠፋ በኋላ ነው።

መፍትሔው፣ የሳጥኑን ይዘት ወደ ፋይል አውጥቶ ጸሐፊው በለመደው ኤዲተር ማረም፣ አዲስ አይደለም። ደብልዩ ሦስት ኤም የተባለው፣ በተርሚናል ውስጥ የሚሠራው ብራውዘር፣ ተጠቃሚው የጽሑፍ ሳጥን ሲመርጥ ይዘቱን ወደ ጊዜያዊ ፋይል ይጽፋል፤ ፋይሉን እንደ ቪም ወይም ኢማክስ ባለ ኤዲተር ይከፍታል፤ ኤዲተሩ ሲዘጋ የታረመውን አንብቦ ወደ ሳጥኑ ይመልሳል። በፋየርፎክስ ላይ ኢትስ ኦል ቴክስት የተባለው ቅጥያ ይህንኑ አሠራር ለብዙኃኑ አድርሶ ነበር።

ይሁንና እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 የወጣው ፋየርፎክስ 57 የቀድሞዎቹን ቅጥያዎች መቀበል ሲያቆም ያ መንገድ ተዘጋ። ምክንያቱ መሠረት ያለው ነበር። አሮጌዎቹ ቅጥያዎች በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ እንደፈለጉ ፕሮግራም ማስነሣት ይችሉ ነበር፤ አዲሶቹ በቀጥታ አይችሉም። ስለዚህ የዛሬው መሣሪያ ሁለት ክፍል አለው፦ አንዱ በብራውዘሩ ውስጥ ያለ ቅጥያ፣ ሌላው በኮምፒውተሩ ላይ ለብቻው የሚጫን ረዳት ፕሮግራም። ጎስት ቴክስት ለምሳሌ በኤዲተሩ ውስጥ ከተጫነ ረዳት ጋር በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ይገናኛል፤ በኤዲተሩ የሚተየበው ቃል ወዲያውኑ በገጹ ላይ ይታያል። መጫኑ ትንሽ ያደክማል፤ ጅማሪዎች ተስፋ የሚቆርጡትም እዚህ ላይ ነው።

የጽሑፉ መመለሻ ከመሄጃው ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። ብዙ ዘመናዊ ገጾች የሳጥኑን ይዘት በራሳቸው ፕሮግራም ውስጥ ሌላ ቅጂ አድርገው ይይዛሉ። ቅጥያው ጽሑፉን ሲመልስ ለገጹ የለውጥ ምልክት ካልሰጠ፣ ዓይን የሚያየው አዲሱን ሆኖ ሳለ የሚላከው አሮጌው ይሆናል። የፊደል መቁጠሪያ ያለው ሳጥን ከሆነ ቁጥሩ መለወጡን ማየት ይረዳል። ኤዲተሩ በየመስመሩ መጨረሻ በራሱ መስመር የሚሰብር ከሆነም ጽሑፉ በገጹ ላይ ተቆራርጦ ይታያልና ይህ አስቀድሞ መጥፋት አለበት። ደማቅና ሰያፍ ፊደል የሚቀበሉ ሳጥኖች ደግሞ ተራ የጽሑፍ ሳጥን ስላልሆኑ፣ በዚህ መንገድ ሲያልፉ ቅርጻቸውን ሊያጡ ይችላሉ።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የኤዲተሩ ጥቅም በተለይ ጎልቶ ይታያል። «ጸሐፊ» የሚለው ቃል በአንድ ጽሑፍ ውስጥ «ፀሀፊ» እና «ጸሃፊ» ተብሎም ሊገኝ ይችላል። የብራውዘሩ ፍለጋ የሚያመጣው የተተየበለትን አንዱን አጻጻፍ ነው፤ ደግሞም አግኝቶ አይተካም። በኤዲተር ግን [ጸፀ][ሀሐኀሃ]ፊ የሚል አንድ የፍለጋ ቀመር ስምንቱንም አጻጻፎች በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ጸሐፊው የመረጠው አንዱ በሁሉም ቦታ ይተካል። ሁለት ነጥብ ተደጋግሞ የተጻፈበትን «፡፡» ወደ ትክክለኛው አራት ነጥብ «።» መለወጥም የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው።

የመጠን ጉዳይም አለ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ የገባ ሲሆን፣ በተለመደው ዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛ ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ ነው። በመሆኑም ገጹ ልኩን በባይት የሚቆጥር ከሆነ 1000 ባይት የተፈቀደለት ሳጥን ከ333 በላይ የግእዝ ፊደል አይቀበልም፤ ትርፉን ሳይናገር የሚቆርጥ ገጽም ያጋጥማል። ቪም የፊደሉንም የባይቱንም ቁጥር ለየብቻ ያሳያል፤ አጠቃሎው የት ላይ እንደሚቆረጥ ከመላኩ በፊት ማወቅ የሚቻለው በዚህ ነው።

ጽሑፍን ከመጥፋት የሚያድነው ፋይል ግን ምስጢርንም ሊያወጣ ይችላል። ጊዜያዊው ፋይልና ኤዲተሩ በጎን የሚፈጥራቸው መጠባበቂያ ቅጂዎች ሥራው ካለቀ በኋላ በዲስኩ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። በጋራ የቤተ ሙከራ ኮምፒውተር ላይ የሌላ ሰው ጥናት ግምገማ የጻፈ ሰው እነዚህን ፈልጎ ማጥፋት ይኖርበታል። ቅጥያውም ሳጥኑን ለማንበብ ገጾችን የማየት ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን ፈቃድ መስጠት የማይፈልግ፣ ወይም ፕሮግራም መጫን በማይፈቀድበት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰው፣ በኤዲተር ጽፎ፣ ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 አስቀምጦ፣ በመጨረሻ ወደ ሳጥኑ መገልበጥ ይችላል። ይህ ቅጥያም ረዳት ፕሮግራምም አይፈልግም፤ ቅጂውም በጸሐፊው እጅ ይቀራል።