ኪስ የማይጎዳ ትራኪንግ

በእጅ በተያዘ ካሜራ በተቀረጸ ሾት ውስጥ በቦታው ያልነበረ ሮቦት ለማቆም የሚነሳ አማተር ፊልም ሠሪ፣ ዋናው ፈተናው ሮቦቱን መሥራት አይደለም። ሮቦቱ መሬት ረግጦ እንዲቆምና ካሜራው በተወዛወዘ ቁጥር እንዳይንሳፈፍ፣ ካሜራው በእያንዳንዱ ፍሬም የት እንደነበረና ወዴት እንደዞረ መታወቅ አለበት። ካሜራ ትራኪንግ ይህን ከተቀረጸው ምስል ላይ አስልቶ የማውጣት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ መሣሪያው የስቱዲዮዎች ነበር። ዛሬ በነጻ ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ለትራኪንግ ታስቦ የተቀረጸ ምስል ነው።

ሶፍትዌሩ እንደ ግድግዳ ስንጥቅ፣ የድንጋይ ጠርዝ ወይም የመስኮት ማዕዘን ያሉ ጎልተው የሚታዩ ነጥቦችን ይዞ ከፍሬም ወደ ፍሬም ይከተላል። ካሜራው ወደ ጎን ሲራመድ ቅርብ ያለው ነጥብ በምስሉ ላይ ብዙ ይሄዳል፣ ሩቅ ያለው ግን ጥቂት። ፓራላክስ የሚባለው ይህ ልዩነት የካሜራውን መንገድና የነጥቦቹን ርቀት አንድ ላይ ለማስላት ያስችላል። ትራይፖድ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ብቻ የሚቃኝ ካሜራ ግን ፓራላክስ የለውም፤ ከእርሱ የሚገኘው አቅጣጫ እንጂ ርቀት አይደለም። ጀማሪዎች ሶፍትዌሩ አልሠራም ብለው የሚተዉት ሾት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የዘርፉ ሥር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። በኦክስፎርድ የኮምፒውተር እይታ ምርምር ላይ የተመሠረተው ቡጁ የተባለ ሶፍትዌር ነጥቦቹን ራሱ መርጦ የሚያሰላ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2002 የኤሚ ሽልማት አገኘ፤ ዋጋው ግን ግለሰብ የሚደፍረው አልነበረም። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኢካሩስ በኋላ ፒኤፍትራክ ለተባለው የንግድ ሶፍትዌር መነሻ ሆነ። ከሃኖቨር ዩኒቨርሲቲ የወጣው ቩዱ ደግሞ ለንግድ ላልሆነ ሥራ በነጻ ይሰጥ ስለነበር የብዙ አማተሮች የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ነበር። የዋጋውን ግድግዳ ከንግዱ ወገን የሰበረው እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሲንዝአይስ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ400 ዶላር በታች እየተሸጠ በትልልቅ ፊልሞች ላይም ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ቦሪስ ኤፍኤክስ የተባለው ኩባንያ ገዝቶታል።

ለአማተሩ ትልቁ ለውጥ የመጣው ብሌንደር ከተባለው ነጻ የ3ዲ ሶፍትዌር ነው። ሊብኤምቪ በተባለ ክፍት ኮድ ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ትራከር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 በ2.61 እትም ወጣ። ቀጥሎ የብሌንደር ፋውንዴሽን መሣሪያውን በእውነተኛ ሥራ ለመፈተን «ቲርስ ኦፍ ስቲል» የተባለውን አጭር ፊልም አምስተርዳም ውስጥ አዘጋጀ። በኢያን ሁበርት ዳይሬክተርነት እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ይህ ፊልም ሮቦቶችንና ተዋናዮችን በአንድ ሾት ያገናኛል። በእኔ እምነት ጀማሪ ከዚህ መጀመር አለበት። ነጻ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው፣ ብሌንደር ነጥቦቹን በእጅ እንድትመርጥ ያስችልሃል፤ የትኛው ነጥብ እንደሚያዝ፣ የትኛው እንደሚያታልል የሚታወቀው እንዲህ ሲሠራ ነው። ሁለት ዛፎች በምስሉ ላይ የሚሻገሩበት ቦታ ማዕዘን ይመስላል፣ ነገር ግን በዓለም ላይ የለም። በውሃ ላይ ያለ ነጸብራቅም እንዲሁ ነው። የሚንቀሳቀስ ሰው ወይም መኪና ላይ የተቀመጠ ነጥብም ስሌቱን ያበላሻል። ብሌንደር ለስሌቱ በሁለት ቁልፍ ፍሬሞች ላይ አብረው የሚታዩ ቢያንስ ስምንት ነጥቦች ይፈልጋል፤ ከዚያ በላይ፣ ቅርብም ሩቅም የተሰራጩ ቢሆኑ ይመረጣል። ሲጨርስ አማካይ ስህተቱን በፒክስል ይነግርሃል። ከአንድ ፒክስል በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ትንሽ ቁጥር ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም፣ የሙከራ ኩብ መሬት ላይ አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል።

ሁሉም ሥራ ግን ካሜራ ትራኪንግ አይጠይቅም። የስልክ ስክሪን ወይም የሱቅ ታፔላ መቀየር ለፈለገ ሰው ጠፍጣፋ ገጽን በሙሉ የሚከተለው ሞካ ይቀለዋል፤ ቀለል ያለው እትሙ ከምስል ማቀናበሪያው አፍተር ኢፌክትስ ጋር ይመጣል። አፍተር ኢፌክትስ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የራሱ የካሜራ ትራከርም አለው። የቪዲዮ ማረሚያው ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነጻው እትሙ ነጥብ ይከተላል፤ የካሜራ ትራከሩ ያለው በሚከፈልበት ስቱዲዮ እትም ነው። የምስል ማዋሃጃው ኑክ ለንግድ ላልሆነ ሥራ በነጻ ይሰጣል፣ ምስሉን ግን በ1920 በ1080 ይገድባል።

አገር ቤት ሆኖ ለሚሠራ ሰው ከዋጋው ባልተናነሰ የክፍያው መንገድ ይከብዳል። በየወሩ በዶላር የሚቆረጥ ደንበኝነት የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል። አንዴ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ብሌንደር ለዚህ ነው የበለጠ የሚበጀን።

ቀረጻው ላይ መጠንቀቅ ከየትኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል። የስልክ ካሜራ የምስል ማረጋጊያ እያንዳንዱን ፍሬም በተለያየ ልክ ስለሚቆርጥ ለስሌቱ መርዝ ነው፤ የሚጠፋ ከሆነ አጥፉት። ሹተሩን ፈጠን አድርጉ፣ የደበዘዘ ነጥብ አይያዝምና። ዙም አትንኩ፣ ፎከሱን ቆልፉ። አብዛኛው የስልክ ሴንሰር ምስሉን በመስመር በመስመር ስለሚያነብ ካሜራውን በፍጥነት መወርወር ቀጥ ያለውን ምሰሶ ያጋድላል፤ በዝግታ ተራመዱ። ባዶ ነጭ ግድግዳ ላይ ትንንሽ የፕላስተር ቁራጮች ለጥፉ። ካሜራውን፣ ሌንሱንና የሌንሱን ሚሊሜትር ጻፉ፤ ሶፍትዌሩ የሴንሰሩን ስፋትና ፎካል ሌንግዙን (ያንኑ ሚሊሜትር) ካወቀ ግማሹን ግምት ይተዋል። ከመነሳታችሁ በፊት በሾቱ ውስጥ የሚታዩ ሁለት ነገሮችን ርቀት በሜትር ለኩ። ትራኪንግ ቅርጽን እንጂ መጠንን ስለማያውቅ፣ ሮቦቱ ሁለት ሜትር ይሁን ሃያ የሚወስነው ያ ልኬት ነው።