የተሸነፈ ይከፍላል

በከተማችን በለሚ በጌም ቤት ደጃፍ የሚያልፍ ሰው አንድ ሕግ ይሰማል፤ ይኸውም «የተሸነፈ ይከፍላል» የሚል ነው። ሁለት ልጆች በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው በፕሌይስቴሽን ኳስ ይጫወታሉ፤ ያሸነፈው በነፃ ይነሣል፤ የተሸነፈው የሁለቱን ሒሳብ ይከፍላል። ሕጉ ትንሽ ይመስላል፤ በአንድ ቤት ያደረሰውን ግን አይተናል።

አንዲት እናት ልጃቸውን አስከትለው ወደ እኛ መጡ። ዕንቁላል ሸጠው ለደብተር የሰጡት ገንዘብ በአንድ ቀን አልቋል። «መምህር፥ ልምታው ወይስ ልተወው?» ብለው ጠየቁን። እኛም «እትዬ፥ ከዱላ በፊት ሒሳቡን እንየው» ብለን ጠመኔ አነሣን።

በአሜሪካ ታላላቅ የሚባሉት አዳዲስ ጨዋታዎች ለብዙ ዓመታት በ60 ዶላር ይሸጡ ነበር፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቹ 70 ዶላር ሆኑ። በ2017 ዓ.ም. የጃፓኑ ኒንቴንዶ ማሪዮ ካርት ወርልድን በ80 ዶላር አወጣ። ዕቃ ሲቆይ ዋጋው መርከሱ የተለመደ ነበር፤ ሶኒ ግን በ2013 ዓ.ም. በ500 ዶላር ገደማ የጀመረውን ፕሌይስቴሽን 5 በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በዚያው በአሜሪካ ወደ 550 ዶላር ገደማ ከፍ አደረገው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመራል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንዱ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበረ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ በ3,990 ብር ይታሰብ የነበረው የ70 ዶላር ጨዋታ፥ በአሜሪካ አንዲት ሳንቲም ሳይጨመርበት፥ ከ7,000 ብር በላይ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ልጁ ቀና ብሎ «እኔ እኮ ጨዋታውን አልገዛሁም፤ የከፈልሁት ለአንድ ለአንድ ጊዜ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ባለቤቱ መሣሪያውን በብዙ ብር ይገዛል፤ ያንንም ለልጆች በጥቂት በጥቂቱ ከፋፍሎ ይሸጣል። «አንዱ ጨዋታ 10 ብር ነው እንበል፤ በቀን አምስት ጊዜ ብትሸነፍ፥ በሳምንትም ስድስት ቀን ብትሄድ፥ በአራት ሳምንት ስንት ይሆናል?» አልነው። ራሱ ጽፎ 1,200 ብር አገኘ፤ ጥቂት ዝም ብሎም «ስሸነፍ መነሣት አልችልም» አለን።

ውድ አንባብያን፥ የነገሩ ሥር ይህ ነው። ተጫዋች የሚከፍለው በግድግዳ የተለጠፈውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ እስኪያሸንፍ ድረስ ያለውን ሁሉ ነው። በስልክ በነፃ የሚገኘው ፍሪ ፋየርም እንዲሁ ነው፤ መግቢያው ነፃ ሲሆን ልብሱና ጌጡ ይሸጣል። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንዲያሰላ በምሳሌ ማስተማሩ (ሉቃ. 14) ለዚህም ይጠቅማል፤ ልጅ ገንዘቡን ቈጥሮ ይግባ፤ ያም ሲያልቅ ይነሣ፤ «የተሸነፈ ይከፍላል» ሲባልም እምቢ ይበል።

እኛም ከነቀፋ ነፃ አይደለንም። ልጆችን ከጌም ቤት እንከለክላለን እንጂ የት እንደሚጫወቱ አናስብላቸውም። ገበጣ ከጉድጓድና ከጠጠር በቀር ምንም አይጠይቅም፤ ሒሳብም ያስተምራል፤ ነገር ግን ስንቶቻችን ከልጆቻችን ጋር ተቀምጠን ተጫውተናል?

እናቲቱ ልጃቸውን አልመቱትም። ቅዳሜ ዕንቁላሉን ተሸክሞ ገበያ እንዲከተላቸው አደረጉ፤ ከገዢ ጋር ሲከራከሩም አጠገባቸው ቆሞ ሰማ። ዛሬም አልፎ አልፎ ወደ ጌም ቤት ይሄዳል፤ ይሁን እንጂ ገንዘቡን ቈጥሮ ይገባል፤ የደብተሩንም ብር ለእናቱ አስቀምጦ ይወጣል።