የወታደር ዕረፍትና የመልክዐ ምድር ሥዕል

ከዘብ ተራ የወጣ ወታደር የዕረፍት ሰዓቱን በምን ያሳልፈው? ኳሱ፣ ዳማውና ሬዲዮኑ በየጦር ሰፈሩ የታወቁ ስለ ሆኑ ስለ እነርሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዛሬ የምናነሣው፣ ብዙ ሰው ለሠለጠነ ሠዓሊ ብቻ የተሰጠ አድርጎ የሚቈጥረውን፣ ነገር ግን የተጨነቀን አእምሮ በማሳረፍ ረገድ ተወዳዳሪው ጥቂት የሆነውን ሥራ ነው፤ ይኸውም ሜዳ ላይ ተቀምጦ ተራራውን፣ ዛፉንና ሰማዩን በቀለም መሣል ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ የጦርነት ዘመን ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1915 የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ሚኒስትር የነበሩት ዊንስተን ቸርችል የዳርዳኔልስን ዘመቻ አጥብቀው ከደገፉት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ዘመቻው ከሸፈ፤ እስኪያበቃም ድረስ በጋሊፖሊ ምድር ከሁለቱም ወገን ከመቶ ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ቸርችል ገና ውጊያው ሳያከትም ከሚኒስትርነታቸው ተነሡ። ባለቤታቸው ክሌመንታይን በኋላ ዘመን ሲያስታውሱ፣ ባላቸው በሐዘን ይሞታሉ ብለው ሠግተው እንደ ነበር ተናግረዋል። (የሰውዬውን የፖለቲካ ሥራ ለማወደስ አልተነሣንም፤ ስለ ቅኝ ግዛት የነበራቸውን አቋም የአፍሪቃ አንባቢ ያውቀዋል።)

በዚያው በጋ ቤተሰቡ ከለንደን ወጣ ብሎ በአንድ የገጠር ቤት ሰንብቶ ሳለ፣ ቸርችል የወንድማቸው ሚስት በውሃ ቀለም ሲሥሉ አዩ። እኚህም ሴት የልጆቹን የቀለም ሣጥን አቅርበው አስሞከሯቸው። ያን ጊዜ ቸርችል የአርባ ዓመት ሰው ነበሩ። ብዙም ሳይቈዩ የዘይት ቀለም ገዙ፤ ሆኖም ከነጩ ሸራ ፊት ሲቆሙ እጃቸው ፈራ። ሊጠይቋቸው የመጡት የሠዓሊው የጆን ላቬሪ ባለቤት ግን ትልቁን ብሩሽ ተቀብለው ሸራውን ያለ ርኅራኄ በቀለም መቱት። ከዚያ ወዲህ ሸራ አላስፈራቸውም።

በ1916 መጀመሪያ ላይ በቤልጂግ ግንባር፣ ፕሉግስቴርት በተባለው መንደር አጠገብ የአንድ ሻለቃ ጦር አዛዥ ሆነው ሲዘምቱ ቀለማቸው ተከትሏቸው ሄደ። ከምሽጉ ጀርባ በነበረው የእርሻ ቤት ግቢ፣ መድፍ በቈፈራቸው ጕድጓዶች መካከል ሆነው ይሥሉ ነበር። በሥራቸው የነበረ አንድ ወጣት መኮንን እንደ መሰከረው፣ አዛዡ ጥቂት ቀናት ፊታቸው ጠቍሮ ከረመና አንድ ቀን በድንገት ፈገግ ብለው መጡ። ምክንያቱ ሲጠየቁ፣ የመድፉን ጕድጓድ ምንም ቢሥሉት ኮረብታ እየመሰለ እንዳስቸገራቸውና ጥቂት ነጭ ቀለም ጣል ሲያደርጉበት ጕድጓድ መምሰሉን ገለጡ። አስተውሉ፤ ጥይት በሚወርድበት ስፍራ የዚያን ሰው ልብ ያስጨነቀው የጥላና የብርሃን ነገር ነበር!

ምሥጢሩም ይኸው ይመስለናል። ቸርችል ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1948 በመጽሐፍነት በወጣው ጽሑፋቸው እንዳስረዱት፣ የደከመ አእምሮ ሥራ በመፍታት ብቻ አያርፍም፤ የሚያርፈው ሌላው የአእምሮ ክፍል ሥራ ሲያገኝ ነው። ዓይን የገደሉን ቁመት ከዛፉ ጋር ሲያመዛዝን፣ እጅም የዚያን ልክ ሲፈልግ፣ ሰው የሩቅ ቤተሰቡን ናፍቆት ወይም የትናንቱን ተግሣጽ የሚያመላልስበት ጊዜ አያገኝም።

በአገራችን ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተራራውና ዛፉ የቅዱሳን ታሪክ አጃቢ እንጂ ራሱን የቻለ ርእስ አልነበረም። መልክዐ ምድርን ለብቻው መሣል የተስፋፋው፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱትን የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በመሰሉ ተቋማት በሠለጠነው ትውልድ ነው። ተፈጥሮ ግን ለዚህ ሥራ የሚሆነንን በገፍ ሰጥታናለች። ከደጋ አፋፍ ቆሞ ወደ ቆላው የተመለከተ ሰው ሩቁ ሰንሰለት ሰማያዊ ሆኖ፣ እየራቀም ሲሄድ እየደበዘዘ ከሰማዩ ጋር ሊዋሐድ ሲል ያያል። ያ ተራራ በቅርቡ አረንጓዴ መሆኑን ስለምናውቅ ብቻ አረንጓዴ አድርገን ብንሥለው ሥዕሉ ላይ ከፊታችን ተደቅኖ ይታያል። በመካከል ያለው አየር ነውና ቀለሙን የሚለውጠው፣ የምናውቀውን ትተን የምናየውን መሣል ይገባናል። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ከባድ ነገር የለም።

ሰዓቱንም መምረጥ ያስፈልጋል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትሆን ጥላ ያጥራል፤ ሸለቆውና ጕብታው አይለዩም። ማለዳና ከአሥር ሰዓት በኋላ ግን ጥላው ረዝሞ ምድሩን ቀርፆ ያሳያል። ይሁን እንጂ ይህ ብርሃን አይጠብቅም፤ ስለዚህ በመጀመሪያ የጥላዎቹን ድንበር በእርሳስ ምልክት አድርጎ መያዝ ነው።

መሣሪያው ውድ አይደለም። የልጆች የውሃ ቀለም፣ ወፈር ያለ ወረቀት፣ ብሩሽና ውሃ የያዘ የቲማቲም ቆርቆሮ ለጊዜው ይበቃሉ። በውሃ ቀለም ከስሱ ተጀምሮ ወደ ጥቍሩ ይኬዳል፤ ነጭ ሊሆን የተፈለገው ቦታ ወረቀቱ እንዳለ ይተዋል፤ አንዴ ከጠቈረ መልሶ ማንጣት ያስቸግራልና። የትዳር ጓደኛና ልጆች በአጠገብ ካሉ አንዱን ኮረብታ ሁሉም በየወረቀቱ ይሣለው፤ ልጆቹ አዋቂው ያላየውን ፍየል ወይም ጢስ አስገብተው ይገኛሉ።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ እንጨምር። ሠዓሊው ወታደር ጀርባውን ለካምፑ ሰጥቶ ከአጥሩ ወደ ውጭ ይመልከት፤ የመድፍ ምድቡና የጥይት ግምጃ ቤቱ ምንም ያህል በማለዳ ብርሃን ቢያምሩ፣ ለዘብ ኃላፊው የሥዕል ፍቅርን ማስረዳት ከመሣል ይልቅ ያደክማል።