የአንድ የፓርላማ መቀመጫ ዋጋ፤ ከጋይንት እስከ ብራስልስ

ነፋስ መውጫ ገበያ ላይ የገብስ ዋጋ የተነገረው ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው «በኩንታል ነው በቁና?» ብሎ ነው። መስፈሪያው ካልታወቀ ዋጋ ብቻውን ትርጉም የለውም። የፓርላማ ምርጫ ውጤት ሲታወጅ ግን ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ጥቂት ነው። እገሌ የተባለው ድርጅት ይህን ያህል መቀመጫ አገኘ ሲባል ብዙው ሰው ቁጥሩን እንዳለ ተቀብሎ ያልፋል። አንዱ መቀመጫ የስንት ሰው እንደሆነ፣ የተሸናፊው ድምፅስ የት እንደገባ አይጠየቅም።

ጉዳዩ የፖለቲከኞች ብቻ ቢሆን ኖሮ ለገበያ ገጽ ባልተረፈ ነበር። ይሁን እንጂ የፌዴራሉን በጀት የሚያጸድቀው፣ የግብር አዋጅ የሚያወጣው፣ ለመንገድና ለመብራት የሚመጣውን የውጭ ብድር የሚያጸድቀው ያው ፓርላማ ነው። በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚነግድ ሰው የመቀመጫው ሒሳብ በስተመጨረሻ የጭነት ኪራይና የእህል ዋጋ ሆኖ ይመጣበታል።

አንዱ መቀመጫ በስንት ሰው?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 20ው አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦች እንዲሆን ደንግጓል። በሥራ ላይ የዋለው ድልድል 547 መቀመጫ ነው። ከዚህ ውስጥ ኦሮሚያ 178፣ አማራ 138፣ ቀድሞ ደቡብ ይባል የነበረው ክልል 123፣ ትግራይ 38፣ አዲስ አበባና ሶማሌ እያንዳንዳቸው 23፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ 9፣ አፋር 8፣ ጋምቤላ 3፣ ሐረሪና ድሬዳዋ እያንዳንዳቸው 2 ተመድቦላቸዋል።

ይህ ድልድል በ1999 ዓ.ም. ከተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጋር ሲተያይ የመቀመጫው ዋጋ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በቆጠራው የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ያህል ስለነበረ አንድ መቀመጫ ለ125,000 ሰው ገደማ ይደርሳል። በኦሮሚያ 152,000፣ በትግራይ 114,000፣ በአዲስ አበባ 119,000 ገደማ ነው። በሶማሌ ክልል አንዱ መቀመጫ 193,000 ሰው ሲሸከም በሐረሪ 92,000 ያህል ብቻ ይሸከማል። እንግዲህ በሐረር አንድ መቀመጫ የሚያስገኘው ሕዝብ በጅጅጋ ግማሹን እንኳ አያስገኝም ማለት ነው።

ላይ ጋይንትና ስማዳ በዚያው ቆጠራ እያንዳንዳቸው ከ200,000 በላይ ሕዝብ የነበራቸው ወረዳዎች ናቸው። መላው ደቡብ ጎንደር ደግሞ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር። በክልሉ አማካይ ሲሰላ የዞኑ ሕዝብ የ16 መቀመጫ ያህል ክብደት አለው። ከ547 አንጻር ሲታይ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አካባቢው ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ የለም፤ ጉልበት የሚኖረው ከሌላው ጋር ሲደመር ነው። ከማን ጋር ይደመራል የሚለውን የሚወስነው ደግሞ የፓርቲው ዝርዝር ነው።

የአውሮፓው ሰንጠረዥ

የምርጫን ውጤት በሀገርም በፓርቲም ከፍሎ ማንበብ የተለመደው በአውሮፓ ኅብረት ነው። ከግንቦት 29 እስከ ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም. 27 ሀገሮች ለ720 የአውሮፓ ፓርላማ መቀመጫዎች ድምፅ ሰጥተዋል። ጀርመን 96፣ ፈረንሳይ 81፣ ኢጣሊያ 76 መቀመጫ ሲኖራቸው ማልታ፣ ሉክሰምበርግና ቆጵሮስ ስድስት ስድስት አላቸው። በጀርመን አንዱ መቀመጫ ወደ 870,000 ሰው ሲይዝ በማልታ 100,000 እንኳ አይሞላም። ትንሹ እንዳይዋጥ ታስቦ የተደረገ ነው። በእኛም ሀገር በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ወኪል እንዲኖረው፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ እንዲጨመር መደረጉ ከዚሁ ሐሳብ ጋር ይቀራረባል።

ተመራጮቹ ብራስልስ ከገቡ በኋላ የሚሰለፉት በሀገር ሳይሆን በፓርቲ ቡድን ነው። ምክር ቤቱ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ቀኝ ዘመሙ የአውሮፓ ሕዝቦች ፓርቲ 188፣ ሶሻሊስቶቹ 136፣ «አርበኞች» የተባለው ብሔርተኛ ቡድን 84፣ ወግ አጥባቂዎቹ 78፣ ለዘብተኞቹ 77፣ አረንጓዴዎቹ 53፣ ግራዎቹ 46፣ ጽንፈኛው የቀኝ ቡድን 25 መቀመጫ ነበራቸው። 33ቱ በየትኛውም ቡድን አልገቡም።

ደላላ የሆነ ሰው ይህን ሲያይ ቶሎ የሚገባው ነገር አለ። አብላጫ ድምፅ 361 ነው። የሕዝቦች ፓርቲ ከሶሻሊስቶቹና ከለዘብተኞቹ ጋር ቢስማማ 401 ይሞላለታል። ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ከሦስቱ ቡድኖች ጋር ቢስማማ ደግሞ 375 ያገኛል። ሁለት ገዢ ያለው ሻጭ ነው። ከሱ በቀር በሁለቱም በኩል የሚደራደር የለም።

ይህ ሒሳብ የኢትዮጵያን ቡና ሳይቀር ነክቷል። ኅብረቱ በ2015 ዓ.ም. ያወጣው የደን ጥበቃ ሕግ ወደ አውሮፓ የሚገባ ቡና ሁሉ የበቀለበት ማሳ በካርታ ነጥብ ተለይቶ እንዲቀርብ ያዛል። ሥራ ላይ መዋል የነበረበት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ነበር። በኅዳር ወር የሕዝቦች ፓርቲ ሕጉን ለማላላት ያቀረበው ማሻሻያ በፓርላማው ያለፈው በስተቀኙ ባሉት ቡድኖች ድጋፍ ጭምር ነው። ማሻሻያው ኋላ በድርድር ቢቀርም የአንድ ዓመት መዘግየቱ ጸንቷል። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ተራዝሟል። ቡና ላኪው ጊዜ ያገኘው ከዚያ የመቀመጫ ድምር ነው።

ድምፅ እንዴት መቀመጫ ይሆናል?

በመስፈሪያው ላይ ሁለተኛው ጥያቄ የቆጠራው ስልት ነው። በአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ መቀመጫ የሚታደለው በተመጣጣኝ ውክልና ነው። በፈረንሳይ አንደኛ የወጣው ፓርቲ 31 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ ከ81 መቀመጫ 30ውን ወስዷል። ሁለተኛው ወደ 15 በመቶ አግኝቶ 13 ደርሶታል። በመጠኑ ያነሰውም ቢሆን ድርሻውን ይዞ ይገባል።

በኢትዮጵያ የሚሠራበት ግን በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘው ብቻ የሚያልፍበት ስልት ነው። በምሳሌ ለማየት፣ በአንድ የምርጫ ክልል ከመቶ ድምፅ አንዱ 36፣ ሁለተኛው 33፣ ሦስተኛው 31 ቢያገኙ መቀመጫው የ36ቱ ነው። የቀረው 64 ድምፅ እንደፈሰሰ ውኃ ይቀራል። ይህንኑ ስልት በምትከተለው እንግሊዝ በሰኔ 2016 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ የሌበር ፓርቲ 34 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ ከ650 መቀመጫ 411 ወስዷል። 14 በመቶ ያህል ያገኘው ሪፎርም የተባለው ፓርቲ አምስት መቀመጫ ብቻ ደርሶታል። ስልቱ ጠንካራ መንግሥት በቶሎ ያቆማል፤ ዋጋው የሚከፈለው በተሸናፊው ድምፅ ነው።

የእኛው ሰንጠረዥ

ከዚህ ተነሥቶ የሀገሪቱን ውጤት ለሚያነብ ቁጥሮቹ የገበያ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ይመስላሉ። በ1992 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ከ547 መቀመጫ 481 አሸነፈ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ይህ ቁጥር ወደ 327 ወረደ። ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ ኦፌዴን 11 መቀመጫ አገኙ። በክልል ሲከፈል ቅንጅት በአዲስ አበባ 23ቱንም መቀመጫ ጠቅልሎ ወሰደ፤ በአማራ ክልል ደግሞ 50 አገኘ። በኦሮሚያ ከ178 መቀመጫ ኢሕአዴግ 110፣ ኅብረት 40፣ ቅንጅት 16፣ ኦፌዴን 11 ሲያገኙ አንዱ የግል ተወዳዳሪ ነበር። በትግራይ 38ቱም የኢሕአዴግ ሆነዋል። ምርጫው ውዝግብ አስከትሎ ደም መፍሰሱ፣ በርካታ የተቃዋሚ መሪዎችም መታሰራቸው የሚታወስ ነው።

በግንቦት 2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግ 499 መቀመጫ ወሰደ። አጋሮቹ ሲደመሩ ተቃዋሚው ጎራ ከአዲስ አበባ አንድ ብቻ አገኘ፤ አንድ የግል ተወዳዳሪም አለፈ። በ2007 ዓ.ም. ግን አንድም ተቃዋሚ አልገባም። ኢሕአዴግ 500 መቀመጫ ሲይዝ የቀረውን አጋር ድርጅቶች ያዙት። በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ በአማራ ክልል የነበረው 50 የተቃዋሚ መቀመጫ ዜሮ ሆነ። ለተቃዋሚ ድምፅ የሰጠ አንድም ሰው የለም ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው አይገኝም፤ ድምፁ ወደ መቀመጫ የሚቀየርበት መስፈሪያ ግን አልነበረም። የዚያው ምክር ቤት ዘመን ሳይጋመስ በ2008 ዓ.ም. ኦሮሚያና አማራ በተቃውሞ ተናወጡ፤ በ2009 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአዋጁ ዘመን በተጀመረው የፓርቲዎች ድርድር ቅይጥ የምርጫ ሥርዓት ይሻላል የሚለው ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ግን የቀድሞውን ስልት አስቀጠለ።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ድምፅ የተሰጠው በ436 መቀመጫዎች ነበር። ብልጽግና 410፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች 4 አገኙ። ትግራይ ጦርነት ላይ ስለነበረች 38ቱ መቀመጫዋ ባዶ ቀረ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. መንግሥት ሲመሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የአብን፣ የኢዜማና የኦነግ ሰዎችን በሚኒስትርነት ሾመዋል። ሹመቱ ግን ከመቀመጫ ቁጥር የመጣ ሳይሆን ከአሸናፊው ፈቃድ የመጣ ነው። በብራስልስ ትንሹ ቡድን የሚጠየቀው ድምፁ ስለሚፈለግ ነው።

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ምን ያተርፋል?

በዚህ አካባቢ የፌዴራል መንግሥት በሁለት መንገድ ይታያል። አንደኛው መንገዱ ነው። ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልድያ የሚገባው አውራ ጎዳና የጎንደርንና የወሎን ገበያ የሚያገናኝ ነው። የጉና ደጋ ድንችና ገብስ፣ የቆላው ጤፍና ማሽላ፣ በግና ከብቱ ሁሉ ወይ ወደዚህ መንገድ ወይም ወደ ባሕር ዳር መውጣት አለበት። ከአውራ ጎዳናው የራቁት ወገዳና አርብ ገበያ የሚኖሩት በመጋቢ መንገድ ነው። የወረዳ በጀት በክልሉ ቀመር ስለሚደለደል ተመራጩ ብዙም አይለውጠውም። የፌዴራል መንገድ ግን በምክር ቤቱ በሚጸድቀው በጀት ስለሚሠራ ጠያቂ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ዝናብ በተዛባ ቁጥር የሚቸገሩ በመሆናቸው በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው በዚህ መርሐ ግብር ታቅፈዋል። ከለጋሾቹ አንዱ የአውሮፓ ኅብረት ሲሆን በጀቱን ከሚያጸድቁት አንዱ ያ 720 መቀመጫ ያለው ፓርላማ ነው። ሴፍቲኔት ሲዘገይ የመጀመሪያው ምልክት የሚታየው በእህል ገበያው ላይ መሆኑን የአካባቢው ነጋዴ ያውቀዋል።

ከዚህ የበለጠው ግን ሰላሙ ነው። በ2013 ዓ.ም. ድምፅ ከተሰጠ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በነሐሴ ወር፣ ነፋስ መውጫ ለቀናት በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ ነበር። በሴቶች ላይ የተፈጸመው መደፈርና የተዘረፈው ንብረት በሰብአዊ መብት ድርጅት ተመዝግቧል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ሰንብቷል። ለዚህ ሁሉ የምርጫ ስልቱ ብቻ ተጠያቂ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ክርክሩ በምክር ቤት ወንበር ሳያገኝ ሲቀር ወደ መንገድ እንደሚወጣ የ1997 ዓ.ም.ም ሆነ ከዚያ ወዲህ የታየው ይመሰክራል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የደጋው ድንች በማሳ ይበሰብሳል፤ የቆላው ሰው በጨውና በዘይት ውድነት ይቀጣል።

እንግዲህ ነጋዴም ሆነ ባለሀብት የምርጫ ውጤት ሲነገረው ሦስት ነገር ቢጠይቅ አይከስርም። አንዱ መቀመጫ በስንት ሰው ተሰፈረ? አሸናፊው ከመቶው ድምፅ ስንቱን ይዞ ስንት መቀመጫ ወሰደ? ያለ ማን ድምፅ ሕግ ማውጣት አይችልም? ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ያለው እንደሆነ ድርድር አለ ማለት ነው፤ መልሱ «ያለ ማንም ይችላል» የሆነ እንደሆነ ግን ገበያው የአንድ ገዢ ገበያ ነው። አንድ ገዢ ባለበት ገበያ ዋጋ የረጋ ይመስላል፤ እህሉን ይዞ የሚመለሰው ሻጭ መብዛቱ የሚታወቀው ግን ዘግይቶ ነው።