የንግድ ስም ባለቤቱ ገዢው ነው
የገበያ አማካሪ ከመቅጠራችን በፊት ልናስተውላቸው የሚገቡ ነጥቦች

“ስምን መልአክ ያወጣዋል” ይላሉ አበው። የንግድን ስም የሚያወጣው ግን ገዢው ነው፤ የሚያወጣውም ዕቃውን ወደ ቤቱ ወስዶ ከተጠቀመበት በኋላ ነው። ነጋዴ በታፔላው ላይ የፈለገውን ሊጽፍ ይችላል። ገዢው ለጎረቤቱ የሚነግረው ግን ያነበበውን ሳይሆን የቀመሰውን ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ርዕስ ያለ ምክንያት አላነሳነውም። በየሰፈራችን በቤት ውስጥ ተጀምረው ወደ ገበያ የሚወጡ ሥራዎች ብዙ ናቸው። በርበሬና ምጥን ሽሮ አዘጋጅተው የሚያሽጉ እናቶች፣ ሒጃብና ጀለቢያ የሚሰፉ ወንድሞችና እህቶች፣ ማር አጣርተው የሚሸጡ ወጣቶች በመካከላችን አሉ። ሥራው ትንሽ ከፍ ሲል “የገበያ አማካሪ ነኝ” የሚል ሰው ብቅ ይላል። አርማ ልሥራላችሁ፣ በቴሌቪዥን ላስተዋውቃችሁ፣ በቲክቶክና በፌስቡክ ተከታይ ላፍራላችሁ ይላል። የሚጠይቀው ገንዘብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ለልጆች ትምህርት ወይም ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ነው። አማካሪ መቅጠር በራሱ ጥፋት የለበትም፤ እንዲያውም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከብዙ ኪሳራ ያድናል። ጥያቄው ማንን፣ ለምንና በምን ስምምነት እንቀጥራለን የሚለው ነው።

ከቡናችን የምንማረው

ስምና ስልት ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው ከአገራችን ቡና የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም። የይርጋጨፌ፣ የሐረርና የሲዳሞ ቡና በውጭ አገር በውድ ሲሸጥ ኖሯል፤ ስሞቹ ግን እዚያ በኢትዮጵያ ንብረትነት የተመዘገቡ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት፣ ላይት ይርስ አይፒ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት እያማከረው፣ ሦስቱን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ።

ነገሩ ቀላል አልሆነም። ስታርባክስ ኩባንያ በ2004 “ሲዳሞ” የሚለው ቃል ያለበትን ስም ለማስመዝገብ ቀድሞ አመልክቶ ስለነበር የእኛ ማመልከቻ እንቅፋት ገጠመው። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም ተቃውሞ አቀረበ። ኩባንያው ማመልከቻውን በ2006 ተወ፤ በ2007 ደግሞ ከኢትዮጵያ ጋር የፈቃድና የስርጭት ስምምነት ላይ ደረሰ።

በክርክሩ ጊዜ ሌላ ምክር ቀርቦ ነበር፤ ከንግድ ምልክት ይልቅ የቡናውን መነሻ ቦታ የሚመሰክር ማረጋገጫ ብታወጡ ይሻላል የሚል። ምክሩ በወረቀት ላይ ያምራል። ቡናውን የሚያመርቱት ግን ማሳቸው ትንንሽ የሆነ እጅግ ብዙ ገበሬዎች ናቸው። የእያንዳንዱን ከረጢት መነሻ ተከታትሎ ማረጋገጥ ከአቅም በላይ የሆነ ወጪ ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያ ስሙን ራሷ ይዛ፣ ሊጠቀሙበት ለሚፈልጉ ኩባንያዎች ያለ ክፍያ ፈቃድ መስጠትን መረጠች።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ያላስመዘገቡትን ስም ሌላ ሰው ሊቀድምበት ይችላል። ሁለተኛ፣ ጥሩ ስልት ማለት ለሌላው የሠራው ሳይሆን የራስን አቅምና አሠራር ያገናዘበው ነው።

አማካሪውን በምን እንለየው?

1ኛ. መጀመሪያ የሚጠይቀውን እናዳምጥ። ስለ ዕቃው፣ ስለ ገዢው፣ ስለ ወጪና ትርፉ ሳይጠይቅ ስለ ቀለምና ስለ አርማ የሚጀምር ሰው ሠዓሊ ሊሆን ይችላል፤ አማካሪ ግን አይደለም። ደኅና አማካሪ ሽሮውን አስፈልቶ ይቀምሳል፣ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ገዢዎችን ያያል፣ ያቆሙትን ደንበኞች ለምን እንዳቆሙ ይጠይቃል።

2ኛ. የቀድሞ ሥራውን ከአፉ ብቻ አንስማ። ያማከራቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች ራሳችን ሄደን እንጠይቅ። ከእነሱም መካከል ከእሱ ጋር ሥራ ያቋረጠ አንድ ሰው ቢኖር ይመረጣል።

3ኛ. የሚገባልንን ቃል እንመዝን። “በሦስት ወር ሽያጫችሁን እጥፍ አደርገዋለሁ” የሚል ሰው በእጁ የሌለውን ይሸጣል። አማካሪ ቃል ሊገባ የሚችለው ለሚሠራው ሥራ ነው፤ ገዢው ምን እንደሚወስን ሊዋስ አይችልም።

4ኛ. ከማተሚያ ቤቱ ወይም ከማስታወቂያ ድርጅቱ ኮሚሽን ያገኝ እንደሆነ በግልጽ እንጠይቀው። ኮሚሽን ካለው ብዙ እንድናሳትምና ብዙ እንድናስነግር ቢገፋፋን አይገርምም። ለተፎካካሪያችን የሚሠራ መሆኑንም ማወቅ መብታችን ነው፤ የቅመሙን አመጣጠንና የደንበኞቻችንን ዝርዝር ያያልና።

5ኛ. ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ከዘመድም ጋር ቢሆን። ሥራው በደረጃ ይከፋፈል፣ ክፍያውም እያንዳንዱ ደረጃ ሲያልቅ ይፈጸም። የአርማው ዋና ፋይል የእኛ መሆኑ፣ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጾቹ በእኛ ስም መከፈታቸውና የይለፍ ቃሉ በእጃችን መሆኑ በውሉ ይጻፍ። ይህ ካልተደረገ፣ ስንጣላ ደንበኞቻችን ከእሱ ጋር ይቀራሉ።

ስልቱ ምን ይያዝ?

በርበሬና ሽሮ የሚያሽጉ አንዲት እናትን በምሳሌ እንውሰድ። ስልታቸው በሦስት ጥያቄ ይጀምራል። የሚገዛው ማን ነው? የሥራ ሴቶች ናቸው፣ ወደ ውጭ አገር ለዘመድ የሚልኩ ናቸው ወይስ ምግብ ቤቶች? እነዚህ ገዢዎች ከሌላው ትተው ከእሳቸው የሚገዙበት አንድ ምክንያት ምንድን ነው? ይህን ምክንያት በየዕለቱ፣ በየከረጢቱ መጠበቅ ይችላሉ?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። “ባዕድ ነገር የሌለበት” ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። የዛላ በርበሬ ዋጋ ሲንር፣ ወፍጮ ቤቱ ሲያዘገይ፣ ትዕዛዝ ሲበዛስ? ያኔ ስሙን የሚጠብቀው አማካሪው አይደለም፤ አጥቢዋ፣ አስፈጪውና አሻጊው ናቸው። ስለዚህ ከማስታወቂያው በፊት አመጣጠኑ በጽሑፍ ይቀመጥ፣ ሚዛኑ ይፈተሽ፣ የታሸገበት ቀን ይጻፍ፤ ቅሬታ ሲመጣ ማን እንደሚቀበልና ዕቃው እንዴት እንደሚለወጥ ይወሰን። ዋጋ መጨመር ግድ ከሆነም በግልጽ መጨመር ይሻላል፤ ዋጋውን ሳይነኩ ጥራቱን የሚቀንሱ ሰዎች ገዢውን ሳይሰናበታቸው ያጡታል።

በተለይ “ሐላል” የሚለውን ቃል እንደ ማሸጊያ ጌጥ አንቁጠረው። ከየትኛው ጥሬ ዕቃ ተሠራ፣ ማን መረመረው የሚለውን መመለስ የማይችል ሰው ቃሉን ባይጽፈው ይሻለዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሻጩን ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ወደ ላይ ለምን እንዳላወጣው መጠየቃቸውን ሁላችንም ተምረናል። ዛሬ የእህሉ ክምር በላስቲክ ታሽጎ በሚያምር ወረቀት ተሸፍኗል። ገዢው እጁን ማስገባት ስለማይችል የሻጩ አማና ከዱሮው ይልቅ ከብዷል።

ሕጉን አንርሳ

ብዙ ሰው የንግድ ፈቃድ ሲያወጣ ስሙም አብሮ የተጠበቀለት ይመስለዋል። የንግድ ስም ምዝገባ አንድ ነገር ነው፤ የንግድ ምልክት ምዝገባ ሌላ ነው። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሲሆን፣ ጥበቃው ለ7 ዓመት የሚቆይና በየ7 ዓመቱ የሚታደስ ነው። “ጥሩ ሽሮ” እንደሚለው ያለ ዕቃውን ብቻ የሚገልጽ ስም ለአንድ ሰው ተለይቶ ለመመዝገብ ያስቸግራል። የታወቀ ድርጅትን ስም ወይም አርማ አስመስሎ መሥራትም ከሕግ ያጋጫል። ስለዚህ አሥር ሺህ ማሸጊያ ከማሳተማችን በፊት ስሙ ያልተያዘ መሆኑን እናጣራ። ማመልከቻውም በአማካሪው ስም ሳይሆን በእኛ ስም መግባቱን በዓይናችን እንይ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ለማስታወቂያ ከመክፈላችሁ በፊት ቤተሰቡ አንድ ምሽት ይሰብሰብና ይምከር። ምን እንሸጣለን? ለማን? ይህ ገንዘብ ባይመለስ ቤታችን ይናጋል? ሦስቱን ጥያቄዎች መልሳችሁ ከጨረሳችሁ ለአማካሪው የምትሰጡት ሥራ ግልጽ ይሆናል፤ የምትከፍሉትም ልኩ ይታወቃል። አላህ ሥራችሁን በረካ ያድርግላችሁ።